ደሜ ወፈረ

መጋቢት 2፣ ጠዋት
ደረትና ክንድ ሠራሁ። ራሴን ዛሬም ይወጥረኛል። ጎንበስ ስል ዓይኔ ሥር ትር ትር ይላል። ጂም ውስጥ ግን ሁሉም ፊቴን ያደንቃል። ቀላህ፣ ወዝህ አማረ፣ ጾም የተስማማው ሰው እንዳንተ አላየንም ይሉኛል። ሳቅሁ። የተስማማኝ ጾሙ አይደለም፣ የጡንቻ መርፌው ነው። ይህን የምናውቀው እኔ፣ አብሮኝ የሚወጋው ደሳለኝና አንተ ብቻ ነን፣ ደብተር። ሚስቴ ዝናሽ ቪታሚን ይመስላታል።

ደሳለኝ ዛሬ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ሆርሞኑ ጾም ያስገድፋል ወይ! የተበጠበጠበት ዘይት ከፍሬ የተጨመቀ ነው፣ የጾም ነው ብዬ አጽናናሁት። ከልቡ ተጽናና። እኔም ትንሽ ተጽናናሁ፣ ምን ልዋሽህ።

መጋቢት 5
ራስ ምታቱ ሲብስ ጤ/ጣቢያ ሄድኩ። ሲ/ር ሰብለ አብራኝ የተማረች ነርስ ናት፤ ቀልድ አይገባትም። ደሜን አስመረመረች። ውጤቱን አይታ እንደገና አስመረመረች። ከዚያ በሩን ዘግታ ምን እንደምወጋ ጠየቀችኝ። ነገርኳት።

ደምህ ወፍሯል አለች። መርፌው ከልክ በላይ ደም ያስመርታል። አገራችን ደጋ ነው፣ እሱም ይጨምራል። በዚያ ላይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳልቀምስ ብረት አነሳለሁ። እንዲህ ያለ ደም ይረጋል፤ ልብም ጭንቅላትም ይመታል። መርፌውን አቁም፣ ውሃ ጠጣ፣ ሆስፒታል ሄደህ ሐኪም ይይህ፣ ካስፈለገ እነሱ ደም ይቀንሱልሃል። ይህን ሁሉ ነገረችኝ፤ እኔ የሰማሁት መጨረሻውን ብቻ ነው።

ውሃውንማ እንዴት አድርጌ? መርፌ እየወጋሁ ደግሞ ጾም ልሻር? አንዱን እንኳ በወጉ ልያዝ እንጂ።

መጋቢት 6
እናቴ መጣች። ያው ወሬ ነው። ጎረቤቷ የልጅ ልጇን ክርስትና አስነሳች፣ የእሷ ቤት ግን ባዶ ነው። ዝናሽ የተማሪዎቿን ፈተና እያረመች ነበር። ቀና አላለችም። ቀይ እስክሪብቶው ግን አንድ ቦታ ላይ ቆመ፤ አየሁት።

እናቴን ስሸኝ ሴቲቱ መካን ናት አለችኝ፣ ድምፅዋን እንኳ ሳትቀንስ። ተይ እንጂ አልኩ። "ተይ እንጂ" ደግሞ ምን ቁም ነገር አለው?

መጋቢት 9
ደሳለኝ አ.አ. ያሉ ጡንቸኞችን በስልክ ጠይቆ መጣ። እነሱም ደማቸው ይወፍራል አሉ። ሄደው ደም ይለግሳሉ፣ ይቀልላቸዋል፣ መርፌው ይቀጥላል። ሰማህ? ይቀጥላል! እዚህ ግን ደም የሚሰበስቡት ሲመጡ ነው የሚመጡት። መጥተውም መድኃኒት ትወስዳለህ ወይ ብለው ይጠይቃሉ። አዎ ብል ይመልሱኛል። አይ ብል ደሜ ለየትኛው ምስኪን እንደሚሰጥ አላውቅም።

ደሳለኝ ጭኑን መታ። እኛ ዋግምት ያለን ሰዎች ምን አስጨነቀን አለ።

መጋቢት 11
በጽጽቃ መንገድ አያ ወልዴ ዘንድ ሄድኩ። የእናቴ አጎት ናቸው፣ በቀንድ ደም የሚያግሙ። አዲስ ምላጭ ይዤ ሄድኩ። ይህችን ያህል ዘመናዊ ነኝ። ቀንዱን ጀርባዬ ላይ ደፍተው በአፋቸው ሳቡ፣ በምላጩ ጫር ጫር አደረጉ፣ መልሰው ሳቡ። በኽምጣኛ ቋንቋ ለራሳቸው ያጉተመትማሉ። ደሙ ጥቁር ነው፣ ፈጥኖ ይረጋል።

"በጾም ምን ስትበላ ነው እንዲህ የፈረጠምኸው፣ ልጄ?" አሉኝ። ሽሮ ነው፣ አያ፣ አልኩ። "የሚስትህ እጅ ይባረክ" ብለው መረቁ። አሜን አልኩ። ምን ልበል?

ስመለስ ራሴ ቀሎኛል። መንገዱን በፉጨት ጨረስኩት።

መጋቢት 13
መርፌውን ወጋሁ። ደሙ ቢወፍር አያ ወልዴ አሉልኝ። እንዲህ የቀለለ ነገር ነው ያስጨነቀኝ?

መጋቢት 18
ወደቅሁ። ከሰዓት ነው፣ ገና ሳልገድፍ፣ እግር የምሠራበት ቀን። ብረቱን ትከሻዬ ላይ እንዳደረግሁ ዓይኔ ጨለመ። ደሳለኝ ባይይዘው አንገቴን ይሰብረኝ ነበር። ውሃ በግድ አጠጣኝ። ጾሜ እንዲህ ተፈታ።

ሲ/ር ሰብለ እንደገና አስመረመረችኝ። ደሜ ያው ነው፣ እንዲያውም ብሷል። ስለ አያ ወልዴ ስነግራት ተቆጣች። ቀንድ የሚያወጣው አንድ ስኒ አይሞላም፤ አንተ ግን የዳንክ መስሎህ ጨመርክበት አለች። ለሆስፒታል ጻፈችልኝ።

ልወጣ ስል ልጅ አላችሁ ወይ አለችኝ። የለንም። ሆርሞኑ ከውጭ ሲገባ ሰውነት የራሱን መሥራት ይተዋል አለች፣ ዘርም ይነጥፋል። ካቆምክ ብዙ ጊዜ ይመለሳል፣ ወራት ይፈጃል፣ ቃል ግን አልገባልህም። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፦ "ዝናሽን ጠበል ስትመላለስ አያታለሁ። አንተ ነህ የምትልካት?"

እኔ አልላክኋትም። አልከለከልኋትምም።

መጋቢት 19፣ ማለዳ
ብረት አልነካሁም። ተቀምጬ አስባለሁ።

ደም ማውጣቱ ለምን እንደጣመኝ ገባኝ። መርፌውን የማያስተወኝ መፍትሔ ስለሆነ ነው። ጡንቻው ይቅርብህ ያለኝ ሁሉ ጠላቴ ይመስለኛል። ልጅ ሳለሁ "ጭራሮ" ይሉኝ ነበር። አሁን ገበያ ስገባ ሰው መንገድ ይለቅልኛል። ይህን መመለስ ቀላል ነው?

ግን ዝናሽ ያገባችኝ ጭራሮ ሳለሁ ነው። ሙሽራ ሆኜ የለበስኩት ሱፍ ዛሬ አንድ ክንዴን አያስገባም። ያን ጊዜ ምን ጎደለብሽ ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። ለማን ነው የምገዝፈው?

ዛሬ እነግራታለሁ አልኩ። አልነገርኳትም።

መጋቢት 21
ሸሚዝ ስቀይር ዝናሽ ጀርባዬን አየችው። ክብ ክብ ጠባሳ። ሸሚዙን ራሷ አለበሰችኝ፣ ቁልፉንም ቆለፈችልኝ። ደነገጥኩ። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ተቀምጣ ነገረችኝ። መውደቄን ከደሳለኝ እህት ሰምታለች። የያዘኝን በሽታ የደበቅኋት እንዳትጨነቅብኝ ብዬ መስሏታል። ትናንት ጠበል ቦታ ስለቷን ቀየረች። እስካሁን ለልጅ ነበር የተሳለችው። "ልጁ ይቅርብኝ፣ እሱን አቆይልኝ አልኩት" አለችኝ። እንዲህ ብላ እንጀራ ልታቀርብልኝ ተነሳች።

ደብተር፣ አፈርኩ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም። ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ፣ ይህ ሁሉ ክንድ ይዤ። በሽታ የለብኝም። በእጄ የምወጋው ነው። እሷ ግን ለዚህ ብላ ልጇን ለፈጣሪ መለሰች።

መጋቢት 22
ነገርኳት። ስለ መርፌው፣ ስለ ደሙ፣ ስለ ዘሩ። የቀሩትን ብልቃጦች እሷ እያየች ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጣልኳቸው። ሲ/ር ሰብለ እንዳለችው ሰኞ ሆስፒታል እሄዳለሁ።

አልጮኸችም። "ሦስት ዓመት እናትህ ፊት አንገቴን ደፍቻለሁ። ለኔ መንገርህ ምን ይሠራልኛል? ለእሷ ትነግራታለህ?" አለችኝ። እነግራታለሁ አልኩ። አላመነችኝም መሰለኝ። ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች።

መጋቢት 24፣ ረፋድ
እናቴ ልካብኛለች። ከቅዳሴ በኋላ ሁለት ሽማግሌ ይዛ ትመጣለች። ዝናሽ ወደ ቤተሰቧ ትመለስ ሊሉኝ ነው። አንዱ አያ ወልዴ ናቸው! የሚስቴን እጅ የመረቁት።

እናቴ የኔን ነውር በሽማግሌ ፊት መስማቷ ይጨንቀኛል። ከተማው ነገ ያወራዋል። ጂም ውስጥ ምን እንደሚሉኝም አውቃለሁ። ይበሉ። ስለ ዝናሽማ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲያወሩ ኖረዋል።

ራሴ ዛሬም ከባድ ነው። ውሃ ጠጥቻለሁ።

የግቢው በር ተንኳኳ። ዝናሽ ነጠላዋን አንስታ በጓሮ ልትወጣ ስትል ጠራኋት። ከሽማግሌዎቹ መቀመጫ ፊት ለፊት፣ አጠገቤ ወንበር አስቀመጥኩላት። ቆማ ታየኛለች፣ ገና አልተቀመጠችም። እናቴ አፏን ሳትከፍት እኔ እጀምራለሁ። እማዬ፣ የነጠፍኩት እኔ ነኝ እላታለሁ፣ ዝናሽ አይደለችም።