የሐቢባ ሽንኩርትና የፓናማው በር

ወንድም ዓለሜ ዑበይዱላህ፣ አሰላሙ ዐለይኩም። ከሁሉ አስቀድሜ አንድ የሚያሳፍር ነገር ልንገርህ፤ አደራ ለማንም እንዳታወራ። ባለፈው ሐሙስ የጎረቤታችንን የሐቢባን የሽንኩርት መደብ በውሃ አጥለቀለቅሁት። ዝናብ አልዘነበም፣ ጎርፍም አልመጣም። ጥፋቱ ያንተና የፓናማህ ነው።

ለመሆኑ እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ? ባሕሩ ሲናወጥ የሚያስመልስህ ነገር ተወህ? ምግባቸውስ ተስማማህ? እኛ አልሐምዱሊላህ ሁላችንም በሕይወት አለን። የቤቱ በር ተገነጠለ እንጂ ሰው አልጎደለብንም።

የተቸገርነው በእናታችን ነው። ኅዳርን ሙሉ በጦርነቱ መንገዱ በደሴም በወልዲያም ተዘግቶ፣ መብራትና ስልክ ጠፍቶ መቀመጣችንን ሰምተህ ይሆናል። ስልኩ ከመጥፋቱ በፊት የላክህልን የመጨረሻ ቃል ትዝ ይልሃል? «ነገ መርከባችን በደረጃ ተራራ ትወጣለች፣ ከዚያ በሌላው ባሕር ትወርዳለች» አልክና ጭጭ። ኧረ አንተ ልጅ! ሁለት መስመር ብትጨምር እጅህ ይቆረጥ ነበር? እሷ ያንን ይዛ «ሐይቅ ዳር ተወልጄ ሐይቅ ዳር አረጀሁ፤ ሽቅብ የሚወጣ ታንኳ አላየሁም። ልጄን አስረውት የሚያወራው የሚያስወሩትን ነው» ብላ ቁጭ። መንገዱ ሲከፈት መርከብ ወደተሳፈርክባት ጅቡቲ ወርዳ ልትፈልግህ ጓዟን ጠቅልላለች። በዚያ ጉልበቷ! በዚህ ጊዜ! በለውጡ ሰሞን ስትሄድ «አገሩ ተስተካክሏል፣ በየዓመቱ እመጣለሁ» ያልካትንም እየደጋገመች ታነሳብኛለች፤ የማልኩት እኔ ይመስል።

ቢጨንቀኝ መምህር ሙሉአለምን ለምኜ አመጣሁት። እሱ ደግሞ ከታሪኩ ጀመረ። መጀመሪያ ፈረንሳዮች ተራራውን እስከ ባሕሩ ልክ ቆርጠን እንጥላለን ብለው እንደገቡ፣ የቆፈሩት እየተናደ፣ ሠራተኛው በወባና በቢጫ ወባ እየረገፈ ሃያ ሺህ ሰው እንዳለቀ ነገራት። በዓይኔ ብጠቅሰው ብጠቅሰው መች ያቆማል! ኋላ አሜሪካኖቹ እስከ ባሕሩ ልክ መቁረጡን ትተው ወንዙን ገድበው ከላይ ሐይቅ እንደሠሩ፣ መርከቡንም በደረጃ ወደ ሐይቁ እንደሚያወጡት ሲነግራት እሷ ሃያ ሺህ ላይ ቀርታለች። «ልጄን በመቃብር ላይ ነው የሚነዱት?» ብላ እንባዋ ዱብ ዱብ።

ስለዚህ በዓይኗ ትይ አልን። መምህሩ ከተዘረፈው ትምህርት ቤት የተሰባበረ ዴስክ ሳንቃ ሁለት አመጣ። ከኩሬው ወደ ሐቢባ ማሳ በሚወርደው የመስኖ ቦይ ላይ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች እንደ በር ተከልን። ለሁለት የተቆረጠ የዘይት ጀሪካን መርከብህ ሆነ። በታችኛው በር አስገባነውና ዘጋንበት። ከላይኛው ሳንቃ ሥር ትንሽ ቀዳዳ ስንከፍት ውሃው ከኩሬው በራሱ እየወረደ ሞላ፤ ጀሪካኑም ተነሳ። ፓምፕ የለ፣ የሚጎትት የለ! አንተን በሦስት እንዲህ ያለ ደረጃ ሃያ ስድስት ሜትር፣ የመስጊዱን ሚናራ ያህል እንደሚያወጣህ ነገርኳት። ውሃው ከኩሬው ጋር ሲተካከል በደስታ ላይኛውን በር ብድግ አደረግሁት።

ለካስ በዚያችው ቅጽበት እሷ ጎንበስ ብላ የታችኛውን ነቅላዋለች! ሁለቱም በር ተከፍቶ ኩሬው ተገለበጠ። ሽንኩርቱ ተንሳፈፈ፣ መርከብህም አጥር ሥር ተገኘ። ሐቢባ እየሮጠች መጥታ «ፓናማ የማን ማሳ ነው? ሄዳችሁ እዚያ አትከፍቱትም?» ብላ ጮኸች። ለመንደሩ ሁሉ እኔ ነኝ ያጠፋሁት አልኩ፣ አደራ ያልኩህም እሷ መሆኗን እንዳታወራ ነው፤ ሁለት ቀን ጎንበስ ብዬ ሽንኩርት መልሼ ስተክል ዋልኩ።

ማታ ለምን እንደነቀለችው ብጠይቃት «ከፊትም ከኋላም ዘጋችሁበትኮ። እኛም እንደዚያ ተዘግቶብን ነበር፤ ማንም መጥቶ አልከፈተልንም» አለችኝ።

አሁን መርከቡ እንደሚወጣ አምናለች። ጓዟን ግን አልፈታችም። እስከ ረጀብ መግቢያ ካልጻፍክ ትሄዳለች፤ የቀረው አሥራ አምስት ቀን ነው። ስለዚህ ዑበይዴ፣ ስለ ከፍታውና ስለ መሐንዲሱ አትጻፍ፤ እሱን ጨርሰነዋል። የመጨረሻው በር ሲከፈትና ስትወጣ ምን እንዳየህ ብቻ በራስህ እጅ ጻፍላት። ስልኩ ገና ስላልተመለሰ ይህን ደብዳቤ አዲስ አበባ ለመርከባችሁ ወኪል ቢሮ የሚያደርስ ሹፌር አግኝቻለሁ፤ መልሱንም በእሱ ላክ።

ባለቤቴ ሀሚዱ ሰላም ይልሃል። ልጄ ሱረያ «አጎቴ ጀሪካኑ አልተሰበረም» በይልኝ ብላለች። መምህር ሙሉአለም እጅ ይነሳሃል፤ ሐቢባም ኩርፊያዋ ሳይለቃት ሰላም ብላሃለች። እናታችን ሰላምታዋን «ራሱ ሲጽፍ እነግረዋለሁ» ብላ ይዛዋለች። መልስህን ሳነብላት ጓዟን ፈታችው ወይስ ጠበቅ አድርጋ አሰረችው፣ በዚያኑ ቀን ተቀምጬ እጽፍልሃለሁ።

እህትህ ኑርሀያት
ሐይቅ፣ ጥር 10 ቀን 2014 ዓ.ም.