ከገንዳው ዳር ያለው ወንበር

መጋቢት 4

የተማሪዎቹ ዩኒፎርም ዛሬም አላለቀም። ጠርዙን መቀምቀም ነው የቀረኝ። ማሽኑ ክር እየበጠሰ አስቸገረኝ... ዘይት ጠምቶት ይሆናል።

ፀጉር ሠሪዋ ጎረቤቴ ከሰዓት ብቅ አለች። ደንበኛ ሲጠፋባት እኔ ጋ ነው መጥታ የምትቀመጠው።

«ልጅሽ ምንድን ነበር የምትማረው?»

«ማኔጅመንት።»

«የምን ማኔጅመንት?»

መርፌው ላይ አቀረቀርኩ። «የስፖርት...» አልኩ፣ በአፌ ውስጥ።

«ውይ፣ አሁን ደግሞ በዲግሪ ሆነ የሚሮጠው? እኔ እኮ ዕድሜ ልኬን አውቶቡስ ሳባርር የኖርኩት ለዶክትሬት ይበቃኛል።»

አብሬያት ሳቅሁ። ለምን ሳቅሁ? ልጄ ዓመታት የለፋችበት ነገር ነው። የስፖርትና መዝናኛ አስተዳደር። ስሙን ለሰው ሙሉውን ጠርቼው አላውቅም። መዝናኛ የሚለው ላይ ስደርስ ያንቀኛል። ወንድሟ ዓምና ከቤት የወጣው ልዝናና ብሎ ነው። ከሐይቁ ተሸክመው አመጡልኝ።

ጎረቤቴ ስትወጣ በሩ ላይ ቆም አለችና «የልጅሽን ፀጉር አይተሽዋል?» አለችኝ። «እንደ ገለባ ሆኗል። በረኪና የነካው ፀጉር ነው እንደዚያ የሚሆነው።»

መጋቢት 5

ልጄ ከወጣች በኋላ ትራሷን አሸተትኩ። እውነትም በረኪና።

የተግባር ልምምድ ላይ ነኝ ነው የምትለኝ። የምን ልምምድ ነው በረኪና የሚሸት? የሰው ቤት ወለል እየወለወለች ይሆን? እኔን ላለማስቸገር ብላ... ማታ ልጠይቃት አፌን ከፈትኩና ስለ ሽንኩርት አወራሁ።

መጋቢት 9

ተከተልኳት። መጻፉ ራሱ ያሳፍራል። ልጇን እንደ ሌባ የምትከተል እናት።

ሁለት አውቶቡስ ቀየረች። ከኋላ ሰው ተከልዬ ቆሜ ነበር። ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ገባች። በሩን ስከፍተው ያ ሽታ አፍንጫዬን መታው።

የመዋኛ ገንዳ ነው። ልጄ በዋና ልብስ፣ ወገቧ ድረስ ውኃ ውስጥ ቆማለች። ዙሪያዋን እኔን የሚያካክሉ ሴቶች የላስቲክ ኮፍያ አጥልቀው፣ ግድግዳውን ይዘው እግራቸውን ያንቦጫርቃሉ። ይስቃሉ።

ከዚያ ያደረግኩት...

«ውጪ!» አልኩ። ከነጫማዬ ጠርዙ ላይ ቆሜ። «ወንድምሽን የበላው አልበቃ ብሎሽ ነው?»

አዳራሹ ያስተጋባል። ቃሌ ጣራው ጋ ደርሶ ተመልሶ መጣብኝ። ልጄ ወጣች፣ ፎጣዋን ደረበች። እኔን አላየችኝም። «ይቅርታ እናቶች፣ ለዛሬ እዚህ ላይ ይብቃን» አለቻቸው። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም።

መጋቢት 10

አልተነጋገርንም።

መጋቢት 12

ራት ላይ እሷው ጀመረች። ዓይኗን ከሳህኑ ሳትነቅል።

«የመመረቂያ ሥራዬ ነው፣ እማ። ውኃ የሚፈሩ እናቶችን ማለማመድ። እኔ ነኝ ያቀድኩት፣ ሰዎቹንም እኔ ነኝ የሰበሰብኩት። በሚቀጥለው ሳምንት ፈታኙ መጥቶ ያየኛል። ከጣለኝ ዘንድሮ አልመረቅም።»

«ስንት ስፖርት እያለልሽ?»

«የወንድሜ ጓደኞች ምን ነበር ያሉት?»

እንዴት እረሳዋለሁ? ለቀስተኛው ፊት ነው የነገሩኝ። «የሚጫወት መስሎን» አሉ። አጠገቡ ቆመው።

«የሚሰጥም ሰው አይጮኽም፣ እማ። እጁንም አያውለበልብም። ዝም ነው የሚለው። ይሄን የተማርን ቀን ከክፍል ወጥቼ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያ ውኃውን መረጥኩ። እንደማትወጂው ስለማውቅ ደበቅኩሽ።»

ሳህኖቹን አነሳሁ።

ከኋላዬ «ነይና እዪ» አለች። «አፍሽን ግን ያዢልኝ።»

እይዛለሁ አልኩ።

መጋቢት 20

አፌንስ ይዤ ነበር።

ፈታኙ አጭር ሰው ነው። ጫማው ላይ የላስቲክ ከረጢት አጥልቋል። እኔ ግድግዳው ሥር ቆምኩ፣ ረጅሙ ዘንግ የተንጠለጠለበት ጋ። ውኃ ውስጥ የደከመው ሰው ይዞት የሚወጣበት ዘንግ ነው።

ከሴቶቹ አንዷ ጡረታ የወጣች የትምህርት ቤት ኃላፊ ናት፤ ዳይሬክተሯ ነው የሚሏት። ሌሎቹ ሲንጫጩ እሷ በፊቷ ተደፋች። እጇን ዘረጋች። ዝም አለች። ልጄን አየሁ። ልጄ እያየቻት ፈገግ ብላለች።

የምትጫወት መስሏት... አልኩ በልቤ። የኔዋም የምትጫወት መስሏት።

ዘንጉ እንዴት እጄ እንደገባ አላውቅም። ዘርግቼ ሴትዮዋን ጀርባዋን ወጋኋት። ኮፍያዋ ወልቆ ሄደ። ብድግ አለችና ውኃ ተፋች።

«ምነው እቴ፣ ዓሣ መሰልኩሽ?»

ሴቶቹ ግድግዳውን ለቀው ሳቁ። ለካ በሆድ መንሳፈፍ የዛሬው ፈተና ኖሯል። እሷን ለዚያ ለማብቃት ልጄ ወራት ፈጅታለች።

ፈታኙ አልሳቀም። «እንግዳዋ የት እንድትቀመጥ ነበር ያቀድሽው?» አላት።

ልጄ ወደ እኔ ዞረች።

«ዘንጉስ የማን ኃላፊነት ነው?»

ልጄ ከውኃው ወጥታ ዘንጉን ከእጄ ወሰደች።

«እንግዲህ በሌላ ቀን እንደገና ታሳዪኛለሽ። ያኔም እንዲህ ከሆነ አላሳልፍሽም።»

ሳልሰናበት ወጣሁ። ካልሲዬ ረጥቧል። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ አፍንጫዋን ይዛ ወደ መስኮቱ ሸሸች። ለካ እኔም በረኪና በረኪና እሸታለሁ።

መጋቢት 21

ዩኒፎርሞቹን አስረከብኩ። አንዱን እጅጌ ገልብጬ ሰፍቼው ኖሯል። መለሱልኝ። ዛሬ ምን ያላበላሸሁት ነገር አለ?

መጋቢት 23

ዳይሬክተሯ ቤት ሄድኩ። ይቅርታ ለመጠየቅ። በሩን ከፍታ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ግቢ። ዘንጉን ውጪ ትተሽው ከሆነ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «በልጄ ይዤዎታለሁ፣ እሷ ምንም አላጠፋችም፣ ደግመው ይምጡላት» አልኩ። አንገቴን አላቀናሁም።

«እቀራለሁ እንዴ? ከተንሳፈፍኩ ወዲህ መሬት ላይ መሄድ አስጠልቶኛል።» ጀርባዋን አሻሸች። «ልጆቼ ሁሉ ሩቅ ናቸው። ብሰጥም ማን ያየኛል እያልኩ ነበር የምገባው። አንቺ ግን አየሽኝ። ተሳስተሽም ቢሆን አየሽኝ።»

የቀረበልኝን ሻይ ሳላቀዘቅዝ ጠጥቼ ምላሴን አቃጠልኩ።

መጋቢት 27

ልጄ አዲስ እቅድ አውጥታለች። ገንዳው ዳር አንድ የፕላስቲክ ወንበር አለ። የኔ ነው አለችኝ።

«ዘንጉን ይዘሽ ትቀመጫለሽ። ሥራሽ ማየት ነው። አንዷ ዝም ካለችብሽ መጀመሪያ እኔን ትጠሪያለሽ። አውራ ጣቴን ካነሳሁ ደህና ናት። ካላነሳሁ ዘንጉን ትሰጪያታለሽ።» ጣቷን ቀሰረችብኝ። «ትሰጪያታለሽ ነው ያልኩት። ትወጊያታለሽ አላልኩም።»

ሳቀች። ከዓምና ወዲህ ጥርሷን ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

«በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተዋርጄ? በምን ዓይኔ ነው የማያቸው?»

ሳቋን ተወችው። «የወንድሜ ጓደኞች ለምን ዝም ያሉ ይመስልሻል? ቢጫወትስ፣ መሳቂያ ብንሆንስ ብለው ነው። ማፈር ፈርተው። አንቺ አልፈራሽም።»

ዓመት ሙሉ ክፉ ናቸው ስል ነው የኖርኩት። አፍረው ኖሯል? ልጆች ናቸው እኮ... አንደኛው ደጄ ድረስ መጥቶ ነበር። በር ዘጋሁበት።

ሚያዝያ 3

ዳግም ፈተናው ዛሬ ነበር። ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ዘንጉ ጉልበቴ ላይ። ልጄን ስንቴ በከንቱ ጠራኋት። በጠራኋት ቁጥር ፊቴ ይግላል፣ ሴቶቹ ይሳሳቃሉ፣ እሷ አውራ ጣቷን ታነሳለች። ዳይሬክተሯ ልትደፋ ስትል ወደ እኔ ዞራ «ዛሬ ዓሣ አይደለሁም» አለችኝ።

ፈታኙ ሲወጣ በወንበሬ በኩል አለፈ። «የተቀመጡበት ቦታ ጥሩ ነው» አለኝ።

ልጄ ፈተናውን አለፈች።

ሚያዝያ 6

የዋና ልብሷን እስካሁን ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ነበር ደብቃ የምታደርቀው። የትከሻው ማሰሪያ ላልቶ አየሁት። ጨርቁ ስለሚለጠጥ ማሽኑ እምቢ አለኝ፣ በእጄ ሰፋሁት። አጠብኩትና ደጅ አሰጣሁት፣ ሰው በሚያልፍበት በኩል።

ፀጉር ሠሪዋ ከበሯ ብቅ አለች። «ይሄ ደግሞ የማን ነው?»

«የልጄ ነው። የሥራ ልብሷ።»

«የምን ሥራ?»

«የስፖርትና...» ያቺው ቃል ጋ ስደርስ አነቀኝ። ጎረቤቴ ልትቀልድ ነበር መሰለኝ፣ ፊቴን ስታይ ተወችው። ጠበቀችኝ።

«የስፖርትና መዝናኛ አስተዳደር» አልኩ። «ትመረቃለች።»

ፊቴ ጋለ። አሁንም ያሳፍረኛል፣ ምን ላድርግ? ልብሱ መንገዱ ላይ ውኃ ያንጠባጥባል። የሚያልፈው ሁሉ ቀና ብሎ ያየዋል።

አላስገባሁትም።