ልኩን ያልሰጠኝ ደንበኛ

ለወንድምጋሼ፣

እንደ ወጉ ጤናህ እንዴት ነው ብዬ ልጀምር ነበር። ግን አንተም እንደ ወጉ ደህና ነኝ ብለህ ስለምትዘጋኝ ዘንድሮ ጥያቄውን ከፋፍዬ አመጣሁት። ቀኝ እጅህ ማንኪያ መያዝ ጀመረ ወይ? እንቅልፍህስ? እትዬ የምትሰጥህን መድኃኒት ትውጣለህ ወይስ እንደ ልጅነትህ ምላስህ ስር ደብቀህ በመስኮት ትተፋዋለህ? የታች ጎረቤት ራስ ላይ እንዳይሆን ብቻ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል የምሬን ነው፤ ምክንያቱን እያነበብክ ታገኘዋለህ።

እትዬ የደወለችልኝ ስምንት ወር ይሆነዋል። አራት ጎረቤቶች ወንበር ይዘው መጥተው ከሦስተኛ ፎቅ አውርደን ዛፉ ስር ካለችው አግዳሚ ላይ እናስቀምጠው ቢሉ፣ እኔ ቁም ሳጥን አይደለሁም ብለህ በሩን እንዳስዘጋህባቸው ነገረችኝ። ያ ሰዓት ጠጋኝ ወዳጅህ ታች ዳማውን ዘርግቶ፣ አንተ ከሰገነት እየጮህክ፣ እሱ ያንተንም ቆርኪ የራሱንም ቆርኪ እየገፋ እንደምትጫወቱ ስሰማ እስኪያመኝ ሳቅሁ። እንደሚያጭበረብርህ አልጠራጠርም። ከሦስተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ ማን ቆርኪ ይቆጥራል?

ሳቄን ያስቆመኝ እትዬ አንተ ባሏ እንዳትሰማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ የጨመረችው ነው። ከእንግዲህ ከዚህ ቤት የምወርደው አንዴ ነው፣ ያኔ ደግሞ ማን እንደተሸከመኝ አላይም ብለሃታል። ያ ስትሮክ ከጣለህ ወዲህ መሬት ሳትረግጥ ይኸው ዓመት ከሁለት ወር ሞላህ። ያን ቃል በሰማሁ ሰሞን ሦስት ቀን ሙሉ እጄ ከእኔ ጋር አልነበረም። ሊረዝም የመጣ ሱሪ አሳጥሬ ከደንበኛ ጋር ተጣላሁ።

አሁን ወደ ራሴ ወሬ ልመለስ። እንዳትስቅ። ስፖርት ጀምሬአለሁ፤ ያውም የሆድ ስፖርት። ሲክስ ፓክ የሚሉትን፣ ወጣቶቹ ሸሚዛቸውን እየገለጡ ፎቶ የሚነሡበትን ነገር ፍለጋ ላይ ነኝ። በአርባ አራት ዓመቴ፣ በዚህ በልጅነቴ ጄሶ ውስጥ በከረመው፣ በምታውቀው ቀኝ ዳሌዬ። ሱቁን የምትጋራኝ ጥልፍ ሠሪ ስትሰማ፣ ሚስት ፈልገህ ከሆነ መጀመሪያ ጸጉርህን ተቆረጥ አለችኝ።

ሀ ብዬ የጀመርኩት ወገቤን በሜትር በመለካት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ሆድ ስለካ የራሴን ረስቼው ኖሬአለሁ። ዘጠና ስምንት። ለደንበኛ ቢሆን ዘጠና አራት ነዎት ብዬ ሱሪውን ግን በዘጠና ስምንት እሰፋለት ነበር፤ ሙያው እንዲህ ነው፣ ሰውየውም ደስ ብሎት ይሄዳል። ለራስ ግን እንዲህ አይዋሽም። ቁጥሩን ግድግዳው ላይ በጠመኔ ጻፍኩት።

የመጀመሪያው ሳምንት የስልክ ተማሪ ነበርኩ። አንድ ጡንቻማ ልጅ፣ ተንጋለህ፣ እግርህን የሆነ ነገር ስር ቆልፈህ፣ ሁለት መቶ ጊዜ ተነሥ ይላል። እኔም በምሳ ሰዓት ሱቁን ገርበብ አድርጌ እግሬን በስፌት መኪናው ብረት ስር ቆለፍኩ። ስልሳ ሦስተኛው ላይ ዳሌዬ ቀጭ አለና እዚያው ቀረ። መነሣትም የለም፣ መዞርም የለም። እንደዚያ ጣሪያ ጣሪያ ሳይ ጥልፍ ሠሪዋ ገባች። መርፌ የወደቀብኝ መስሏት፣ ቃል ሳትተነፍስ ተንበርክካ አብራኝ ትፈልግ ጀመር። እንዲያውም ሁለት አገኘች። መርፌዎቹን መርፌ መሰኪያ ትራሷ ላይ ሰክታ ስታበቃ ነው እኔ አሁንም ከወለሉ እንዳልተነሣሁ ያስተዋለችው።

ሐኪሙ ራጁን ወደ መብራት አንሥቶ አየና የመገጣጠሚያው ለስላሳ ክፍል እየሳሳ ነው፣ ዙሪያውን ያለው ጡንቻ ካልያዘው ከጥቂት ዓመት በኋላ በቢላ እንገናኛለን አለኝ። ከዚያ ወደ ፊዚዮቴራፒ ላከኝ። ባለሙያዋ እግሬን እያጠፈችና እየዘረጋች ታሪኬን ትጠይቀኝ ጀመር። ጄሶው የተፈታልህ በስንት ዓመትህ ነው አለችኝ። በአሥር አልኳት። መሄድ የጀመርከውስ? በአሥራ አንድ። ታዲያ አንዱን ዓመት ምን ስትሠራ ቆየህ አለችኝ።

ለእሷ ዝም አልኳት። ላንተ ግን ዝም ልል አልፈልግም፤ ሠላሳ ሦስት ዓመት ዝም ብዬ ሰልችቶኛል።

ጄሶው በተፈታ በሁለተኛው ወር ነው። እማማ ገበያ፣ አንተ ውሃ ልትቀዳ ወጥታችሁ ነበር። ከበሩ እስከ አጥሩ ሄድኩ። ማንንም፣ ምንንም ሳልይዝ። እያነከስኩ ሄጄ እያነከስኩ ተመለስኩ፣ ደግሞ ደገምኩት። ስትመጣ ልነግርህ አፌ ድረስ ደርሶ ነበር። አንተ ግን ባልዲውን አስቀመጥክና እንደ ልማድህ ጎንበስ ብለህ ጀርባህን ሰጠኸኝ። ና ጓዜ አልከኝ። ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ መሄድ የሚችል ልጅ በጀርባህ ትምህርት ቤት አድርሰህ መልሰሃል። ልጆቹ ጓዙን ይዞ መጣ ሲሉህ ትስቅ ነበር፣ እኔም እላይህ ላይ ሆኜ አብሬ እስቅ ነበር። የጠዋቱን የኳስ ልምምድ በእኔ ሰበብ እንደተውክም አውቅ ነበር። ለምን አልነገርከኝም ካልክ፣ በእግሬ የሄድኩ ቀን አንተ ከጓደኞችህ ጋር ጥለኸኝ ትሄዳለህ ብዬ ፈራሁ። ጀርባህ ላይ ስሆን ወሬህ ሁሉ የእኔ ነበር። ከጆሮህ ኋላ ሆኜ ያላወራሁህ ነገር የለም፤ ያን ያህል የተጠጋሁት ሰው ከዚያ ወዲህም አልገጠመኝም። ይቅር በለኝ። ባለሙያዋ እንዳለችው ያን ዓመት ብራመድበት ኖሮ ዳሌዬን የሚይዘው ጡንቻ ይበረታ ነበር። እንግዲህ የእጄን አግኝቻለሁ።

ወደ ጂሙ የመራችኝ እሷ ናት። የአሰልጣኙን ትክክለኛ ስም እስካሁን አላውቀውም፤ ሁሉም ቀስ በል ይለዋል፣ ከአፉ ሌላ ቃል ስለማይወጣ። በመጀመሪያው ቀን በጀርባዬ አስተኛኝና ወገቤና ወለሉ መሃል እጁን ሰደደ። ይህን እጅ በወገብህ ጨፍልቀው፣ እየተነፈስክ ሆድህን ሳብ፣ አንዱን እግርህን አንድ ስንዝር ብቻ አንሣ፣ ቀስ በል አለኝ። ሞኝ ነገር መሰለኝ። በአምስተኛው ላይ ላቤ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። በክርን መቆም፣ በደህናው ጎን መቆም፣ ተንጋሎ መቀመጫን ማንሣት፣ በአንድ እጅ ብረት ይዞ ወደ ጎን ሳያዘነብሉ መራመድ፤ ሁሉም ዳሌ የማይቆጣበት ነው። መሮጥና መዝለል ክልክል። የስልኩ ልጅም ክልክል። ሆድ ደግሞ ጂም ተሠርቶ ማዕድ ቤት ነው የሚታየው ብሎ ስኳሬንና የማታ ዳቦዬን ወሰደብኝ። ስኳር በሌለው ሻይ የተነሣ አንድ ወር ከሰው ጋር አልተስማማሁም።

ይኸው ሰባት ወር ሆነኝ። ግድግዳው ላይ ያለው ጠመኔ ሰማንያ አራት ይላል፣ የደንበኛ ሳይሆን የእውነቱ። ብርሃን ከጎን ሲመጣ አራት ይታያሉ፣ ከፊት ሲመጣ ሁለት። የታችኞቹ ሁለቱ እንዳሉ ቀስ በል ይምላል እንጂ እኔ በዓይኔ አላየኋቸውም። ባለፈው አንዲት ደንበኛ የመለኪያ ክፍሉን መጋረጃ ስትገልጥ ሸሚዜን እስከ አገጬ ሰብስቤ ከመስተዋቱ ጋር ስፋጠጥ አገኘችኝ። ቀሚሷን ወስዳ እስክትሄድ ቀና ብላ አላየችኝም። ዳሌዬ ዝናብ ሲመጣ አሁንም ያጉረመርማል፤ ግን ደረጃ ስወጣ ግድግዳ መያዝ ትቻለሁ።

ደረጃ ካልኩ አይቀር፣ የሱቃችን መጋዘን ከምድር ቤት ነው። ጠዋት ጠዋት ጣቃ ጨርቅ በጀርባዬ አዝዬ ሁለት ፎቅ እወጣለሁ፣ መልሼ ይዤው እወርዳለሁ። በአንድ ጣቃ ጀመርኩ፣ አሁን አራት አንድ ላይ አስራለሁ። የሕንፃው ጥበቃ፣ ይህ ሰው ጨርቁን የት እንደሚያስቀምጥ አልወሰነም እንዴ ብሎ ጥልፍ ሠሪዋን ጠየቃት። አንድ ቀን ቀስ በል ሱሪ ሊያስጠብብ መጥቶ በጣቃው መሃል አገኘኝ። ይህ የሆድ ሥራ አይደለም፣ ለምን ነው አለኝ። ነገርኩት። ያን ቀን ቀስ በል አላለም። ደረጃው ላይ ቁጭ አለና፣ ሲወጡ ደህናው እግር ይቀድማል፣ ሲወርዱ የታመመው፣ ከባዱ መውረዱ ነው ብሎ ጣቃዎቹን ከፍ አድርጎ መልሶ አሰረልኝ። ባለሙያዋ ግን ተቆጣች። ተቆጥታ ስታበቃ በራሷ እጅ ጻፈችልኝ። በየፎቁ ቁጭ ብሎ ማረፍ፣ ከፊት አንድ ሰው ማስቀደም፣ ዳሌዬ ከጮኸ እዚያው ማቆም። ወረቀቱን ኪስ ውስጥ ይዤ እዞራለሁ።

ሰሞኑን ደግሞ ከወፍራም ሸራ አንድ ነገር እየሰፋሁ ነው። ትከሻው ላይ ስፖንጅ አለው፣ መቀመጫው ሰፊ ነው፣ ስፌቱ ድርብ። ጥልፍ ሠሪዋ ለማን ነው ስትለኝ፣ ለአንድ ኩሩ ደንበኛ ነው፣ ልኩን አልሰጠኝም አልኳት። ኩሩ ከሆነ ጥልፍ ይወዳል ብላ ጠርዙን በዳማ ሰሌዳ አምሳል ጥቁርና ነጭ ጠለፈችው። አምሮበታል።

ስለዚህ ከፖስታው ውስጥ የምታገኘው ሜትር የተረሳ ዕቃ አይደለም። እትዬ ወገብህን፣ የጭንህን ዙሪያ፣ ከትከሻህ እስከ መቀመጫህ ያለውን ለክታ ትጻፍልኝ። ስትለካህ ሆድህን እንዳትስብ፤ እኔ ዘንድ ይህ ዘዴ አይሠራም። ኪሎህንም ሳትቀንስ ላክልኝ። ደግሞ ከፎቅ እስከ ፎቅ ደረጃው ስንት እንደሆነና መደገፊያው ለሚወርድ ሰው በግራ ይሁን በቀኝ ትንገረኝ። ለሰዓት ጠጋኙ፣ በሚቀጥለው ወር አጋማሽ እመጣለሁና አግዳሚው ላይ ቦታ ሰፋ አድርጎ ይጠብቅ፣ የማጭበርበር ዘመኑ አበቃ በልልኝ።

ቁም ሳጥን እንዳልሆንክ አውቃለሁ፣ ወንድምጋሼ። ቁም ሳጥን ከጆሮ ኋላ ሆኖ ወሬ አያወራም። የምታወራልኝን ከአሁኑ አስብበት፤ መንገዱ ሦስት ፎቅ ነው፣ እኔም ቀስ ነው የምለው።

እጅህን ይፍታልህ፣ ጉልበትህን ይመልስልህ፣ እትዬን ለአንተ አንተንም ለእኛ ያቆይልን።

ታናሽ ወንድምህ፣
የድሮው ጓዝህ