ሕዝቡን በሣቅ ያስቀመጡት ወይዘሮ በላይነሽ ይርጋ (1929–1983 ዓ.ም.)

ወይዘሮ በላይነሽ ይርጋ ከአባታቸው ከአቶ ይርጋ ተሰማ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስካለ ወልደ ሚካኤል በራያና ቆቦ አውራጃ፣ ከጎብዬ ወጣ ብሎ በሚገኝ መንደር ኅዳር 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ተወለዱ። ጣሊያን አገራችንን ይዞ ሳለ በመወለዳቸው፣ “እኔን ካየ በኋላ ብዙም አልቆየ” እያሉ ይቀልዱ ነበር።

በዚያን ዘመን ባካባቢው ትምህርት ቤት ስላልነበረ በልጅነታቸው ፊደል አልቆጠሩም። አባታቸው አስታራቂ ሽማግሌ ነበሩና የተጣሉ ሰዎች ሲዳኙ እያዩ አደጉ። አቶ ይርጋ ከባለጉዳዮቹ አንዱ ፈገግ ሳይል ነገሩን አይቋጩም ነበር ይባላል።

በ1945 ዓ.ም. ከአቶ አራጌ ወልዴ ጋር ጋብቻ መሥርተው ወደ ሮቢት መጡ፤ ሦስት ልጆችም አፈሩ። አቶ አራጌ በ1964 ዓ.ም. በወባ ሲሞቱ፣ ወይዘሮ በላይነሽ ከቆቦ እስከ ዋጃ ገበያ ማሽላ እየነገዱ ልጆቻቸውን ለብቻቸው አሳደጉ። በ1971 ዓ.ም. በመሠረተ ትምህርት ማንበብና መጻፍ ተማሩ። በተከታዩ ዓመት የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ሆነው ተመረጡ።

አመራራቸው እንዲህ ነበር። እርከን ሥራ ላይ ሰው ሲደክም መጀመሪያ በራሳቸው ይቀልዳሉ፤ በውፍረታቸው፣ በመንገዳገዳቸው፣ ፊደል ሲማሩ “ሀ”ን ገልብጠው በመጻፋቸው። በሌላ ሰው ቀልደው አያውቁም። ምክትላቸው የነበሩት ወይዘሮ ሀጀራ፣ “እትዬ በላይነሽ ሲያስቁን ሥራው ያልቃል፤ መሥራታችንን የምናውቀው ቤታችን ገብተን ወገባችንን ሲያመን ነው” ይላሉ። የክርስቲያኑንም የእስላሙንም ሠፈር ሴቶች ባንድ ስብሰባ ማስቀመጥ የቻለ ከእርሳቸው በፊት አልነበረም።

በ1975 ዓ.ም. ጓድ ጌታሁን የሚባል ካድሬ ከአውራጃው ተላከ። በዚህ ጽሑፍ ለሞቱትም ላሉትም ተገቢውን አንቱታ ሰጥቻለሁ። ለእርሱ አልሰጠሁም፤ ረስቼ ግን አይደለም።

ጌታሁን ሣቅ አይወድም ነበር ማለት ሐሰት ነው። ይወድ ነበር፤ ግን ሊመታው በማይችል ሰው ላይ ብቻ። ታሂር የሚባሉ አንደበታቸው የሚያዝ የቀበሌ ጥበቃ ነበሩ። ጌታሁን በየስብሰባው መሐል ያስነሣቸውና “ማርክሲዝም ሌኒኒዝም በል” ይላቸዋል። ታሂር በመጀመሪያው ፊደል ላይ ሲታገሉ፣ ላባቸው በግንባራቸው ሲወርድ፣ እርሱ ጠረጴዛውን እየደበደበ ይስቃል። እየዞረም የማይስቀውን ሰው ያያል። ሕዝቡ ጥርሱን ያሳየዋል። ጌታሁን ያን ሁሉ ጥርስ አይቶ ተወደድሁ ይል ነበር፤ የማሰብ አቅሙ እስከዚያ ነበር።

አንድ ቀን ታሂር ተነሥተው ሲንተባተቡ ወይዘሮ በላይነሽ እጃቸውን አወጡ።

“ጓድ ጌታሁን፣ እኔም ልሞክረው።”

“ይሞክሩት” አለ፣ ሌላ መሣቂያ ያገኘ መስሎት።

“ማር ቅመሱዝም፣ ሌላ የለኒዝም” አሉ። ወዲያው ወደ ታሂር ዞረው፣ “የኔ ምላስ ካንተም ይብሳል፤ አንተ ቢያንስ ጀምረኸዋል” አሏቸው።

አዳራሹ ፈነዳ። ከሁሉ አብልጠው የሣቁት ታሂር ነበሩ። ያልሣቀ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ወይዘሮ በላይነሽ ለሂስና ግለ ሂስ ቀረቡ። ክሱ “ፀረ-አብዮት ሣቅ በማስፋፋት” የሚል ነበር። ተማርኩ የሚል ሰው ይህን አስቦ፣ ጽፎ፣ ቆሞ ማንበቡን ዛሬ ለልጆቻችን ስንነግራቸው አያምኑንም። ግለ ሂስ እንዲያደርጉ ሲጠየቁ፣ “መሣቄን አምናለሁ። ያሳቀኝን ግን ስብሰባው ራሱ ይፈልገው” አሉ። ከሊቀመንበርነታቸው ተነሥተው በቀበሌው መጋዘን ታሰሩ። ሲፈቱም ምንም እንዳልደረሰባቸው ሆነው ወደ ማሽላቸው ተመለሱ። በእርሳቸው ቦታ ጌታሁን የራሱን ሰው ሾመ።

ከዚያ 1977 መጣ። ስለዚያ ዓመት ለእናንተ አልነግራችሁም፤ ያልቀበረ ሰው እዚህ የለም። የእርዳታ ስንዴ በሚታደልበት ሜዳ ጌታሁን ፊሽካና ዱላ ይዞ ቆመ። ሰልፍ ያዛባ ባዶውን ይመለሳል ብሎ አወጀ። ሕዝቡ ባዶ እጁን እንዳይመለስ ፈርቶ ተጋፋ፤ በግፊያው መሐል መይሙና የሚባሉ እናት ወድቀው ተረግጠው ሞቱ። ጌታሁን ከዚህ የተማረው ነገር ቢኖር ዱላ የያዙ ሰዎች መጨመር ነው። ግፊያው ባሰ።

በመጨረሻ የሚቀጥለው እደላ በሚሆንበት ዕለት ማለዳ ጌታሁን ወይዘሮ በላይነሽ ቤት መጣ። ልጃቸው ጥሩወርቅ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች።

“ሕዝቡ እርስዎን ይሰማል” አለ።

“እኔ የተሻርሁ ሰው ነኝ። ሊቀመንበሯን ጠይቅ።”

“እሷን አይሰሟትም።”

“አንተንስ?”

ዱላውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

ጥሩወርቅ እናቷን እንዳይሄዱ ለመነች። ሄደው ቢሳካላቸው ስሙ የእርሱ ነው፤ ሰው ቢሞት ደግሞ ጥፋቱ የእርሳቸው ይሆናል። ወይዘሮ በላይነሽ ነጠላቸውን አነሡ። “ለሱ ብዬ አይደለም የምሄደው፤ መይሙናን አጥበን የገነዝናት እኔና ሀጀራ ነን” አሉ። ወደ ጌታሁንም ዞረው፣ “ዱላህን እዚህ ትተዋለህ። እዚያ ስንደርስ አጠገቤ መሬት ላይ ትቀመጣለህ” አሉት።

“መሬት ላይ?”

“ሕዝቡ የት ያለ መሰለህ?”

ሜዳው ላይ ሲደርሱ ሰዉ መገፋፋት ጀምሮ ነበር። ወይዘሮ በላይነሽ ጆንያ ላይ ወጥተው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። “ወገኖቼ፣ እኔ ወፍራሟ በላይነሽ ነኝ። አላወቃችሁኝም፤ አልፈርድባችሁም፤ እኔም ራሴን በቀሚሴ ነው የለየሁት። ስሙኝ፤ ስንዴው እግር የለውም፣ የትም አይሄድም። እኛም ዘንድሮ እግር የለንም። እንቀመጥ።”

ጉልበት ያለው ሣቅ አልነበረም፤ እንደ ትንፋሽ ያለ ነበር። ግን ከፊት ጀምሮ እስከ ኋላ ድረስ ሄደ፤ ሰዉም እየተከታተለ ተቀመጠ። ጌታሁንም ተቀመጠ። አንድ ጎልማሳ፣ “ጓድ፣ ሱሪህ አቧራ ነካው” ብሎ ሲጀምር ወይዘሮ በላይነሽ አቋረጡት። “ተወው። ሲሣቅብን ከርመናል፤ ይሄን ሙያ ከሱ አንማርም።” ያን ዕለት ስንዴው ለተቀመጠ ሁሉ በየተራው ታደለ። አንድም ሰው አልተረገጠም። ከዚያ ወዲህም እስከ ችግሩ ማብቂያ ድረስ ሜዳው ላይ ቆሞ የተቀበለ አልነበረም።

በዓመቱ ከአውራጃው ሽልማት መጣ። “ሥርዓት ያለው እደላ በመምራት” ተብሎ የምስክር ወረቀቱን የወሰደው ጌታሁን ነው። አጨበጨብንለት፤ ምን እናድርግ። ወይዘሮ ሀጀራ ተናደው ሲነግሯቸው ወይዘሮ በላይነሽ፣ “አብሽሪ ሀጀራ፣ ይገባዋል። በዕድሜው አንድ የረባ ሥራ ሠርቷል፤ ያን ቀን ተቀምጧል” አሏቸው። ሁለቱም እንባቸው እስኪወርድ ሣቁ። ሰውዬው ሥርዓቱ ሲወድቅ የት እንደገባ አናውቅም። የፈለገውም የለም።

ወይዘሮ በላይነሽ ከ1981 ዓ.ም. ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተዋል። በቆቦና በወልድያ በሕክምና ሲረዱ ቢቆዩም ሐምሌ 9 ቀን 1983 ዓ.ም. በተወለዱ በ54 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ያለ ፍርሃት ጮክ ተብሎ የሚነበብበትን ጊዜ ለጥቂት ሳምንታትም ቢሆን አይተውታል። ሥርዓተ ቀብራቸው ዛሬ በአጥቢያቸው በቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን፣ ክርስቲያኑም እስላሙም በተገኘበት ይፈጸማል። ልጆቻቸው ጥሩወርቅ፣ ምስጋናውና ፈለቀ አራጌ እንዲሁም የልጅ ልጆቻቸው ከኛ ጋር አሉ። ይህን የጻፍኩት የእህታቸው ልጅ ነኝ።

ካህናቱ በየቀብሩ ነፍስን በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ እቅፍ አኑርልን ብለው ይለምናሉ። ይስሐቅ ማለት ሣቅ ማለት እንደሆነም ያስተምሩናል። እኛም ፈጣሪን የምንለምነው ይህን ነው፦ ቦታ ሲደለደል እኅታችንን፣ እናታችንን፣ መሪያችንን በይስሐቅ በኩል አስቀምጥልን። አሜን።