በሬ የወጋቸው ቁስለኞች ፋይል

ሰኞ፣ ኅዳር 8፣ ጠዋት 3 ሰዓት
ሁለተኛው ሰርቨር ዛሬም ወድቋል። የሆስፒታሉ መዝገብ ፕሮግራም የሚሠራው በሦስት ሰርቨሮች ነው፤ አንዱ ሲወድቅ ኮንቴይነር አስተዳዳሪ የሚባለው ሶፍትዌር ፕሮግራሙን ወደ ሌላው ያዛውረዋል። የታካሚው ፋይል ግን ከሞተው ዲስክ ጋር ይቀራል። መፍትሔው ፕለጊን የሚባል የማከማቻ ተጨማሪ ፕሮግራም መጫን ነው፤ ፋይሉን ሦስቱም ላይ ይጽፋል። ዛሬ እጀምራለሁ።
በጉደር መንገድ ተኩስ አለ። ቁስለኛ ይገባል። የመዝገብ ሠራተኛችን ኦቦ ቶሎሳ ጥይት የመታውን ሁሉ «በሬ ወግቶት» ብለው ይመዘግባሉ። በጥይት የቆሰለ ከተገኘ ታጣቂዎች ከአልጋው ጎትተው ይወስዱታላ! በዚህ ሳምንት ስንት በሬ አበደ፣ ማስታወሻዬ።

ማክሰኞ 9፣ ከሰዓት
ፕለጊኑ ገብቷል፤ ዲስክ ግን አይሰጥም። ስክሪኑ ቀኑን ሙሉ «በመጠባበቅ ላይ» ይላል።
ከሸነን የመጣ ቁስለኛ ገበሬ ሞተ። ጥይቱ አይደለም የገደለው። አንድ መርፌ አይስማማውም ተብሎ አምና ተጽፎለት ነበር፤ ፋይሉ የሞተው ዲስክ ላይ ነው። ዶ/ሩ ሳያውቅ ያንኑ መርፌ ወጋው። ወንበሩን በእርግጫ ሰበርኩት።

ረቡዕ 10፣ 8 ሰዓት
ጥፋቱ የኔው። ለፕለጊኑ ፈቃድ ሳልሰጠው ቀርቼ። ሰጠሁት። ሠራ! በገዛ እጄ የአንዱን ሰርቨር ገመድ ነቀልኩ፤ ፕሮግራሙ ተዛወረ፣ ፋይሉም ተከተለው። ኦቦ ቶሎሳ «ገለቶሚ» ብለው አመስግነው ግንባሬን ሳሙኝ።

11 ሰዓት
ታጣቂዎች መጡ። ስም ዝርዝር ጠየቁ። ኦቦ ቶሎሳ የበሬዎቹን መዝገብ አሳዩአቸው። በሰደፍ አፋቸውን አሏቸው። ሦስት ጥርስ ረገፈ፤ ኪቦርዱ ደም በደም። ነገ ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው ይዘን እንመለሳለን ብለው ሄዱ። ፋይሉ ውስጥ የሐኪሞቹ ገጽ ላይ ደግሞ «ጥይት» ተብሎ በግልጽ ተጽፏል። ሦስት ቦታ ያባዛሁት እኔ ነኝ።

ሐሙስ 11፣ ጠዋት 2 ሰዓት
ፋይሉን አልሰርዘውም። አልጋ ላይ ያሉት ቁስለኞች በዚያ ፋይል ነው የሚታከሙት፤ ሌላ ሰው በመርፌ አይሞትም። ፕለጊኑ መቆለፍ ይችላል፤ ቆለፍኩት። ሰርቨሮቹ አንዴ ጠፍተው ሲበሩ ያለ ይለፍ ቃሉ አይከፈትም። የጻፍኩበትን ወረቀት አኝኬ ዋጥኩ።
ዶ/ሩ ወደ እጃጂ የሚሄድ መኪና አለ፣ አምልጪ አለኝ። ፈራሁ። ብሄድ ግን የሚደበደቡት ኦቦ ቶሎሳ ናቸው። የማያውቁትን ይለፍ ቃል ከየት ያመጣሉ? አልሄድም አልኩት።
መኪናቸው ግቢ ገባ። ሦስቱንም ሰርቨር አጠፋሁ። ሲሄዱ መልሼ አበራቸዋለሁ፣ በሕይወት ካለሁ። ይለፍ ቃሉ አሥራ ስድስት ፊደል ነው። ጌታ ሆይ፣ ሲመቱኝ የመጀመሪያዋን ፊደል እንኳ እንዳልናገ…