ጋሽ ጻፉ ሥልጠና ገባ

ውድ ካርታው፤

ይህን የምታነበው ቆመህ ከሆነ መጀመሪያ ቁጭ በል። ሥልጠና ገባሁ። አዎ፣ እኔው ነኝ። የታሪክ መምህራን የሙያ ማሻሻያ ሥልጠና ገባሁ፣ ጨረስኩ፣ ከጨረስኩ ወዲህም ቁጭ ብዬ ምሳ መብላት አቅቶኛል። ስትስቅ እዚህ ድረስ ይሰማኛል። ሳቅ፤ ግን ቶሎ ጨርስ፣ የምነግርህ ብዙ ነው።

አንተ ጡረታ ወጥተህ ልጅህ ዘንድ ከሄድክ ወዲህ የመምህራን ክፍሉ የገበያ ቦታ ሆኗል። ወንበርህ ላይ የስፖርት መምህሩ ኳሶቹን ያስቀምጣል። ተቆጥቼዋለሁ፣ አልሰማም። ትምህርት ሊዘጋ ሁለት ወር ሲቀረው ርዕሰ መምህርቷ ቢሮዋ አስጠራችኝ። አዲስ ናት፣ አታውቃትም። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ዙሪያ ጥምጥም ግን አታውቅም።

«ጋሼ፣ ከመጪው ዓመት ጀምሮ ሥልጠናውን ያልወሰደ፣ ታዛቢ ፊትም አስተምሮ ያላለፈ የታሪክ መምህር ክፍል አይገባም ተብሏል።»

«ማነው ያለው?»

«ከበላይ ነው የመጣው።»

«ከበላይ ያለው ሰው እኔ ሳስተምር አይቶኛል?»

«አላየም። ካልወሰዱ ግን ቤተ መጻሕፍት ነው የምመድብዎ። እዚያ ጸጥታ አለ።»

ጸጥታ! አንተ ታውቀኛለህ፤ እኔ ጸጥታ የምወደው ራሴ ስናገር ነው።

የኮሌጅ በር ረግጬ አላውቅም። ያለኝን ወረቀት ያመጣሁት በግል ተፈትኜ ነው። ታሪክን የተማርኩት ሽፋናቸው ከተገነጠለ መጻሕፍት ነው፤ የአብዛኞቹን ጸሐፊ እንኳ አላውቅም፣ ስሙ ያለበት ገጽ የለማ። ስለዚህ አንድ ሰው «ላሠልጥንህ» ሲለኝ ደሜ ይፈላል። አንተ በየዓመቱ «ተነስ አብረን እንሂድ» ስትለኝ እምቢ ያልኩት ለዚህ ነው፤ ዛሬም ትክክል ነበርኩ እላለሁ። ያኔ የሚኬደው ለሻይና ለብስኩት እንደነበር የነገርከኝ ራስህ ነህ። ክፍሌን መንጠቅ ግን ሌላ ነገር ነው። ከክፍል ካስወጡኝ የቀረኝ ምንድን ነው? ቤት ውስጥ ዜና እየሰማ ከሬዲዮ ጋር የሚጨቃጨቅ ሽማግሌ መሆን። ስለዚህ ሄድኩ።

ባለቤቴ ኮቴን ስለብስ አይታ፣ «ልትማር ነው ልትጣላ?» አለችኝ።

«እንደ ሁኔታው» አልኳት።

አሠልጣኛችን ወጣት ሴት ናት። ድምፅዋ ቀጭን፣ ትዕግሥቷ ግን ወፍራም። እኔ የመጨረሻው ረድፍ ላይ እጆቼን አጣምሬ ተቀመጥኩ። ገና በመጀመሪያው ቀን መጥታ ፊቴ ቆመች።

«ጋሼ፣ እርስዎ ሲያስተምሩ ተማሪዎቹ ምን ያደርጋሉ?»

«ይጽፋሉ።»

«ሌላስ?»

«የጻፉትን ያነባሉ።»

ከጎኔ አንዱ ጎረምሳ መምህር ለጓደኛው «ጋሽ ጻፉ ማለት እሳቸው ናቸው» ብሎ ሹክ አለው። ተማሪዎቻችን ያወጡልኝ ስም ከትምህርት ቤታችን አጥር አልፎ ወጥቷል ማለት ነው! ቅር አላለኝም። ያንተም «ካርታው» የሚለው ደርሶ እንደሆነ ጠይቄ ነበር፤ አልደረሰም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አንድ ጧት አሠልጣኟ ልጅ እያስተማረች በሩ ተከፈተና መሰላል የተሸከመ ሰው ገባ። ግድግዳው ላይ የቆመውን ሰዓት አወረደ፣ ከእሷ ጋር ስለ አንድ ቁልፍ ተነታረከ፣ በሩን ገጭ አድርጎ ወጣ። እሷ ወደ እኛ ዞረችና፣ «ወረቀት አውጡ፤ አሁን የሆነውን ጻፉ» አለች።

ጻፍን። ምን የጻፍን ይመስልሃል? እንግዲህ ሁላችንም የታሪክ መምህራን ነን። አንዱ «የሰዓቱ መነሳት ሥረ ምክንያቶች» ብሎ ጀመረ። ሌላዋ «የቅርብ ምክንያት፣ የሩቅ ምክንያት፣ ያስከተለው ውጤት» ብላ በሦስት ከፈለችው። እኔማ አልነግርህም... እሺ ልንገርህ፤ «በአስተዳደሩና በሠራተኛው መካከል ለረጅም ጊዜ ሲብላላ የቆየ ቅራኔ» ብዬ ጻፍኩ! ሰውየውን አይቼው አላውቅም፤ ቅራኔውን ግን አውቄዋለሁ!

ልጅቷ ሁሉንም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችና፣ «ጥሩ። ሰውየው ምን አለ?» ብላ ጠየቀች።

«ቁልፉ የታለ አለ።»

«ኧረ፣ ቁልፉን መልሺ ነው ያለው።»

«ስለ ቁልፍ ያነሳችው እሷ ናት እንጂ!»

እኔም «ኮፍያ አድርጎ ነበር» አልኩ።

«ኮፍያ?» አለች።

«ኮፍያ ነበረው አልኩ!»

ሰውየው ተጠርቶ መጣ። «ወንድሜ፣ ቅድም ሲገቡ ምን አሉ?» አለችው።

«እንደምን አደራችሁ ብዬ ነዋ የገባሁት።»

አዳራሹ በአንድ ድምፅ «አላልክም!» ብሎ ጮኸ።

«ብያለሁ! ሰላምታ የማላውቅ ባለጌ አስመሰላችሁኝ?»

«ኮፍያህን የት ጣልከው?» አልኩት።

«ኮፍያ ኖሮኝም አያውቅ፣ አባባ።»

ልጅቷ ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም። ሰውየው በራሱ ሥራ ነው የገባው፤ እሷ ያን ቀን ልታስተምር ያሰበችው ሌላ ነበር። ትምህርቱን ጥላ ይህን ይዛ ቀጠለች። ካርታው፣ ይህቺ ልጅ መምህር ናት!

ያን ቀን ወደ ቤት የሄድኩት ብቻዬን እያወራሁ ነው። መንገደኛ ዞር እያለ ያየኛል፣ ግድ አልሰጠኝም። ዓይኔ ሥር የሆነውን እንዲህ ከጻፍኩ፣ እነዚያ ያሳደጉኝ ሽፋን አልባ መጻሕፍት ውስጥ ስንት ኮፍያ አለ? በዚህ ዕድሜዬ እንቅልፍ የሚነሳ ጥያቄ አገኘሁ። ይህ እንዴት ደስ እንደሚል ልነግርህ አልችልም!

ከዚያ የፈተናው ቀን መጣ። በራሴ ትምህርት ቤት፣ በራሴ ተማሪዎች ፊት፤ ከኋላ ርዕሰ መምህርቷ፣ አሠልጣኟና ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ የመጣ አንድ ሱፐርቫይዘር ተደርድረዋል። ባለቀለም ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፍ ብለውኝ እምቢ አልኩ። እኔ የመረጥኩት የኋላውን አጥር ነው። መቼም አትረሳውም፤ የዚያ አጥር መውደቅ ስንት ዓመት አጨቃጨቀን! እኔ የዚያ ዕለት ዝናብ መሠረቱን ሸርሽሮት ነው እላለሁ፤ አንተ ተማሪዎች ከጎረቤት ሜዳ ኳስ ለማየት ተደግፈው ገፍተውት ነው ትላለህ።

መምህራን ክፍል ያለውን፣ አጥሩ የወደቀ ዕለት የተነሳነውን ፎቶ አስባዝቼ ለልጆቹ አደልኳቸው። የኔን ቃል ጻፍኩላቸው፣ ያንተንም ጻፍኩ። ያንተን ሳላጣምም ለመጻፍ ስንት ጊዜ እንደቀደድኩት ፈጣሪ ያውቃል። ከዚያ «የትኛው እውነት ነው?» ብዬ አፌን ዘጋሁ። እጄ ውስጥ ያለው ጠመኔ ዱቄት ሆነ።

መጀመሪያ እጇን ያወጣችው ፊት ወንበር የምትቀመጠው ባለመነጽሯ ናት።

«ጋሼ፣ ፎቶው ላይ የሰዎቹ ጫማ አቧራ ብቻ ነው።»

«እና?»

«ዝናብ ከነበረ ጭቃ መሆን ነበረበት።»

ርዕሰ መምህርቷ አንገቷን ደፋች።

«ደርቆ ይሆናላ!» አልኩ።

«በዚያው ቀን? ፎቶው የወደቀ ዕለት የተነሳ ነው ያሉን እርስዎ ነዎት።»

ያንን ፎቶ በየቀኑ ሻይ እየጠጣሁ ሳየው ኖሬያለሁ፤ አንድ ቀን ጫማ አላየሁም። «ዝም በይና ጻፊ» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ብናገረው ኖሮ ቤተ መጻሕፍቱ ይጠብቀኝ ነበር። ይህን እያሰብኩ ሳለ ከኋላ አንዱ ተነሳ።

«የጋሽ ካርታውም አይሆንም። ተማሪዎች ከውስጥ ቢደገፉት ድንጋዩ ወደ ውጭ ይወድቅ ነበር። ፎቶው ላይ ወደ ግቢው ነው የተናደው።»

አልዋሽህም፣ አንተም መውደቅህ ልቤን አሳረፈው።

«ታዲያ ምን ጣለው?» አሉኝ፣ ሁሉም ባንዴ።

«አላውቅም» አልኩ።

መጀመሪያ ያልሰሙ መሰሉ። ከዚያ ክፍሉ ተቀወጠልህ! አንዱ መኪና ገጭቶት ነው ይላል፣ አንዷ መሠረቱን ሄደን እንለካ ትላለች፣ ሦስቱ መስኮቱ ላይ ተንጠለጠሉ። እኔም መሀላቸው ገብቼ እጮሃለሁ። ሱፐርቫይዘሩ ራሱ ወንበሩን ትቶ መጥቶ ፎቶው ላይ አፍንጫውን ደቀነ። ደወል ተደወለ፤ የተነሳ የለም። የኔን ክፍል ተማሪ ሂድ ሲሉት እምቢ ሲል አይተህ ታውቃለህ?

ሱፐርቫይዘሩ ኋላ ላይ፣ «ማጠቃለያ አልሰጡም» አለኝ።

«የለኝም። ሲገኝ እሰጣለሁ» አልኩት።

ርዕሰ መምህርቷ ኮሪደሩ ላይ ጠብቃኝ፣ «ጋሼ፣ ጩኸቱ ቢሮዬ ድረስ ይሰማ ነበር አሉ» አለችኝ።

«እና?»

«እናማ ክፍልዎ የእርስዎ ነው። በሩን ግን ይዝጉልን።»

ልጅ ሆኜ እንኳ እንዲህ አልዘለልኩም። ተለወጠ ብለህ እንዳታስወራብኝ። ዓመተ ምሕረት አሁንም በቃል አጽፋለሁ፣ ወደፊትም አጽፋለሁ፤ ለአሠልጣኟም ፊት ለፊት ነግሬያታለሁ።

የጻፍኩልህ ግን ለወሬ ብቻ አይደለም። አጥሩ ሲወድቅ እኔ ክፍል ውስጥ ሆኜ ድምፁን ነው የሰማሁት። አንተ ግን ግቢው ውስጥ ነበርክ። ይህንን ነገርኳቸው፤ አሁን ልጆቹ አንተን ካላመጣሁላቸው ሞተን እንገኛለን ብለዋል። ጥያቄዎቻቸውን ልላክለት ብል ባለመነጽሯ ከለከለችኝ። «አስቀድመው ካወቁ ተዘጋጅተው ይመጣሉ» አለች።

ስለዚህ ትምህርት እንደተከፈተ ና። እኛ ቤት ታድራለህ፤ ባለቤቴ አልጋውን ከአሁኑ እያሰናዳች ነው። አደራ የምልህ አንድ ነገር ነው፤ ስልክ ደውለህ ስለ አጥሩ አንዲት ቃል እንዳትነግረኝ። ከመናኸሪያ ስቀበልህም ስለ ልጅህ፣ ስለ ልጅ ልጆችህ እናወራለን። መስማት የምፈልገው ከነሱ ጋር እኩል፣ በክፍሌ ውስጥ ነው።

አሁንም የታሪክ መምህር የሆነው ወዳጅህ