ትኩሳቱ የለቀቀው ልጅ

ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣
ከሆስፒታሉ የሐኪሞች ማረፊያ ክፍል

እማዬ የኔ ዓለም፣

ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? እኔ በጣም ደህና ነኝ። አትበላም ብለሽ እንዳትጨነቂ፤ ሁለት ሰው የሚያጠግብ ምሳ ለብቻዬ አንክቼ ነው ወረቀት ያነሳሁት። ደስ ብሎኛልና ስሚኝ።

ዝናቡ ካባራ ወዲህ ትንኙ መቆሚያ መቀመጫ አሳጥቶናል፤ የልጆች ክፍላችን የደንጊ ትኩሳት በያዛቸው ልጆች ተሞልቷል። ቅዳሜ ጠዋት አንዲት ልብስ ሰፊ የስድስት ዓመት ልጇን ታቅፋ እየሮጠች ገባች።

"ትኩሳቱ ለቆት ነበር እኮ ዶክተር! ተሻለው ብዬ እፎይ ስል ነው እንዲህ የሆነብኝ" አለች።

እጅና እግሩ በረዶ ነው። የእጁን አንጓ ብዳብስ ምቱ እንደ ክር ቀጥኖ ይጠፋብኛል። የዚህ በሽታ ተንኮሉ ይሄ ነው፤ ትኩሳቱ ሲለቅ የደሙ ውሃ ከደም ሥር እየሾለከ ይወጣና ልብ የምትገፋው ታጣለች።

ሲስተሯ እንደምንም ደም ሥር አገኘችለትና ፈሳሹን በፍጥነት ለቀቅንለት። እጁ ሞቅ ሲል ቀነስኩት። እናቱ ጮኸችብኝ፤ "ጨምሪለት እንጂ! ምነው ሰሰትሽበት?"

"እህቴ፣ ከበዛበት ሳንባው ውስጥ ገብቶ ያፍነዋል" አልኳት።

ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ትንፋሹን እያዳመጥኩ ቀነስ፣ ድክም ሲል ጨመር፣ ደግሞ ቀነስ። እኔም አብሬው ስደክም ዋልኩ። በኋላ ዓይኑን ገለጠና "ሽንቴ መጣ" አለ። እማዬ፣ ሲስተሯ እልል ልትል ምንም አልቀራት! ለኛ ሽንት ማለት ደሙ ኩላሊቱ ድረስ ደረሰ ማለት ነው። እሱ ግን ፖፖውን ከበን ስንፈነድቅ አይቶ "ዞር በሉ፣ አፍራለሁ!" አለን።

ዛሬ አልጋው ላይ ተቀምጦ፣ ጭማቂዬን አላካፍልም ብሎ ከጎኑ ከተኛችው ልጅ ጋር ይነታረካል።

እናቱ ግን ኮሪደር ላይ ይዛኝ አለቀሰች። "ሲለቀው ደስ ብሎኝ አስተኛሁት። እኔም አጠገቡ ተኛሁ። ምን ዓይነት እናት ነኝ?"

"ትኩሳት የለቀቀውን ልጅ የማታስተኛ እናት የለችም። ሐኪም ባልሆን እኔም አስተኛው ነበር። በሽታው ነው ያታለለሽ፤ አንቺ ምንም አላጠፋሽም" አልኳት።

ይህን ስላት አንቺ ትዝ አልሽኝ። ታናሽ ወንድሜ የሞተ ጊዜ ትንሽ ብሆንም፣ ያን ዕለት ጠዋት "ተመስገን፣ ትኩሳቱ ለቀቀው" ብለሽ እንዴት ፈክተሽ እንደነበር አስታውሳለሁ። ከዚያ ወዲህ ስሙን ጠርተሽው አታውቂም፤ እኛም አንጠይቅሽም። እባክሽ፣ ልብስ ሰፊዋን ያልኳትን መልሰሽ አንብቢው።

በመጪው ሳምንት እረፍት እወጣለሁ። ስመጣ ስለ እሱ ታጫውቺኛለሽ፤ ምን ያስቀው እንደነበር እንኳ አላውቅም።

እስከዚያው ደጅሽ ሰላም ይሁን፣ እንቅልፍሽም ይጣፍጥ።

ልጅሽ ሚጣ